አዲሱ የፕሮስቴት ካንሰር ምስል ምን ያሳያል? ምንስ ይለውጣል?

የፕሮስቴት ካንሰር ከተነሣበት ዕጢ ወጥቶ ወደ ንፍፊቶችና ወደ አጥንት ሲዛመት፣ ከሕክምናው በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ በሽታው የት የት ደርሷል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ሲመልሱ የኖሩት የአጥንት ስካንና ሲቲ ስካን ናቸው። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ግን ፒኤስኤምኤ ፔት የተባለው የኒውክሌር ሕክምና ምርመራ ደረጃ በደረጃ ቦታቸውን ወስዶባቸዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በዲሴምበር 2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋሊየም 68 ፒኤስኤምኤ 11 የተባለውን የምርመራ መድኃኒት ለሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለሎስ አንጀለሱና ለሳን ፍራንሲስኮው፣ ፈቀደ። በ2021 በፍሎሪን 18 የሚሠራው ፒላሪፋይ ተከተለ፤ በ2022 ደግሞ ምስሉ የሚያሳየውን ያንኑ ዒላማ የሚመታ ፕሉቪክቶ የተባለ ሕክምና ፈቃድ አገኘ።

ምስሉ ከቀደሙት የተሻለ መሆኑ ዛሬ አያከራክርም። የሚያከራክረው ምስሉ የሕመምተኛውን ሕክምና መቼ ይለውጥ የሚለው ነው። ለተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር የሚታዘዙት መድኃኒቶች ዕድሜ ማራዘማቸው የተረጋገጠው በአብዛኛው በአጥንት ስካንና በሲቲ ስካን ተለይተው በተመደቡ ሰዎች ላይ በመሆኑ፣ አዲሱ ምስል ጨምሮ የሚነግረንን ምን እናድርገው ለሚለው የሚሆነው ማስረጃ ገና በመሰብሰብ ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራ ከሚጻፈው አብዛኛው ይህን ክፍተት ሳይነካው የሚያልፍ ይመስለኛል።

የአጥንት ስካን ካንሰሩን ራሱን አያይም። በደም ሥር የሚሰጠው ቴክኒሺየም 99ኤም የተባለው ጨረር አመንጪ፣ ወደ አጥንት ከሚሄድ ውሁድ ጋር ተጣምሮ አዲስ አጥንት በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ይከማቻል፤ ጋማ ካሜራው የሚያነሣውም አጥንቱ ለደረሰበት ጉዳት የሰጠውን ምላሽ ነው። በዚህ ምክንያት የቆየ የጎድን ስብራትና በዕድሜ የመጣ የወገብ መገጣጠሚያ ሕመም እንደ ካንሰር ሊደምቁ ይችላሉ፤ በአንጻሩ መቅኔ ውስጥ ገብቶ አጥንቱን ገና ያልቀሰቀሰ ካንሰር ሳይታይ ያልፋል። ከዚህም ሌላ ሕክምናው ሲሠራ እየዳነ ያለው አጥንት ለጥቂት ወራት ከበፊቱ ይበልጥ ሊደምቅ ስለሚችል፣ እየተሻለው ያለ ሰው የባሰበት መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ሲቲ ስካን ደግሞ በንፍፊቶች ላይ የሚፈርደው በመጠናቸው ነው። ስፋታቸው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የማይደርስ ንፍፊቶች ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ተብለው ይታለፋሉ፤ ካንሰር የገባባቸው ንፍፊቶች ግን ብዙዎቹ ከዚህ ያነሱ ናቸው።

አዲሱ ምርመራ የሚከተለው መንገድ የተለየ ነው። ፒኤስኤምኤ በፕሮስቴት ሕዋሳት ገጽ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን፣ በካንሰር ሕዋሳት ላይ መጠኑ ከጤናማዎቹ ከ100 እስከ 1,000 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ከዚህ ፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ ትንሽ ሞለኪውል ተሠርቶ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ከተያያዘበት፣ ሞለኪውሉ የሄደበትን መከተል ካንሰሩን መከተል ይሆናል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፕሮቲኑን የሚይዝ የመጀመሪያው አንቲቦዲ የታወቀው በ1987 ነው፤ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ፕሮስታሲንት የተባለ የምርመራ መድኃኒትም በ1996 በአሜሪካ ተፈቅዶ ነበር። ሆኖም ያ አንቲቦዲ የሚጣበቀው በፕሮቲኑ ውስጠኛ ክፍል፣ ማለትም ከሕዋሱ ግድግዳ ወደ ውስጥ በገባው ጫፍ ላይ ስለነበር፣ በሕይወት ያለን ሕዋስ በቀላሉ አያገኝም፤ የሚደርሰው በአብዛኛው ግድግዳቸው ወደ ፈረሰ፣ በመሞት ላይ ወዳሉ ሕዋሳት ነበር። ምስሉ የደበዘዘ፣ ለማንበብም አስቸጋሪ ሆኖ ቀረ።

ለውጡ የመጣው ከፕሮቲኑ ውጫዊ ክፍል ጋር የሚጣበቁ፣ ከአንቲቦዲ እጅግ ያነሱ ሞለኪውሎች ሲሠሩ ነው። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኋላ ፒላሪፋይ የሆነውን ሞለኪውል አበጁ፤ በጀርመን ሃይደልበርግ የሚገኘው የጀርመን የካንሰር ምርምር ማዕከል ደግሞ ፒኤስኤምኤ 11ን ሠራ፤ በዚህ መድኃኒትም የመጀመሪያው ሕመምተኛ በዚያችው ከተማ በ2011 ምስል ተነሣ። የሃይደልበርጉ ቀመር ማንኛውም ደህና ላቦራቶሪ ሊያዘጋጀው የሚችል ስለነበር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ሕንድና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛመተ። የዋሽንግተን ፈቃድ የመጣው የብዙ አገር ሐኪሞች ምርመራውን ከለመዱት በኋላ ነው።

በምርመራው ቀን የሚሆነው ነገር ቀላል ነው። ሕመምተኛው በክንዱ የደም ሥር መርፌውን ይወጋል፤ ከዚያም አንድ ሰዓት ያህል ውሃ እየጠጣ ይቆያል። ብዙ ማዕከላት ሽንት የሚያፋጥን መድኃኒት ይሰጡታል። ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሽንቱን ይሸናል፤ ከዚያ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ 20 ደቂቃ ያህል ይተኛል። ፔቱ የንጥረ ነገሩን ቦታ ሲመዘግብ አብሮት ያለው ሲቲ ደግሞ የአካሉን ቅርጽ ያነሣል፤ ሁለቱ ተደራርበው ይነበባሉ። ምርመራውን ያላየ ሰው ሙሉ አካሉን የሚያሳየውን ምስል ድንገት ቢመለከት መደንገጡ አይቀርም፤ ከሁሉ በላይ የሚጠቁሩት ኩላሊቶቹ፣ የሽንት ፊኛው፣ ከጆሮ ሥርና ከመንጋጋ በታች ያሉት የምራቅ ዕጢዎች፣ የእንባ ዕጢዎችና የላይኛው የትንሹ አንጀት ክፍል ናቸውና። እነዚህ ሁሉ ጤናማ ናቸው። ፒኤስኤምኤ በስሙ የፕሮስቴት ይባል እንጂ በእነርሱም ላይ ይገኛል፤ ቀሪው ንጥረ ነገርም በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት ይወጣል። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ካንሰሩን የሚፈልገው በእነዚህ መካከል ነው፤ የጎድን አጥንት ላይ ያለች ነጥብ፣ ከአከርካሪው ጎን የተደረደሩ ጥቃቅን ንፍፊቶች፣ በዳሌ አጥንት ላይ ያለ ጥቁር ሠረዝ።

እንዲህ ንጥረ ነገሩ ተከማችቶበት የጠቆረውን ሐኪሞች ደመቀ ይሉታል፤ የደመቀ ነጥብ ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም። በሆድ ውስጥ ከትልቁ የደም ቧንቧ ጎን የሚገኙ የነርቭ ቋጠሮዎች በመጠኑ ስለሚደምቁ፣ ልምድ የሌለው አንባቢ ንፍፊት ናቸው ሊላቸው ይችላል። ሳርኮይዶሲስና ፔጄት የተባሉት በሽታዎች፣ የታይሮይድ ዕጢ እብጠቶችና የኩላሊት ካንሰርም የሚደምቁበት ጊዜ አለ። የምርመራ መድኃኒቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ፒኤስኤምኤ 1007 የተባለው ፍሎሪን 18 የተያያዘበት መድኃኒት የሚወጣው በአብዛኛው በጉበት በኩል በመሆኑ የሽንት ፊኛው አካባቢ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ይህም ዕጢው ከወጣበት ቦታ ላይ የሚያገረሽ በሽታን ለመፈለግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ይኸው መድኃኒት ትርጉም የሌላቸው የአጥንት ነጥቦችን፣ በተለይ በጎድን አጥንቶች ላይ፣ ከሌሎቹ አብዝቶ ያሳያል። አንዲት ደብዛዛ የጎድን ነጥብ ብቻዋን ተይዛ አንድን ሰው በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊድን ከሚችልበት መደብ አውጥታ አይድንም ወደሚባልበት መደብ ልታስገባው አይገባም፤ እንዲህ ያለው ነጥብ በኤምአርአይ ወይም በናሙና መረጋገጥ አለበት። ካንሰርም ሆኖ የማይደምቅ አለ። ከዕጢው ካንሰሮች ጥቂቶቹ ገና ከመነሻቸው ፒኤስኤምኤ የላቸውም፤ ሌሎች ደግሞ ለዓመታት በሆርሞን ሕክምና ሲገፉ ባሕርያቸውን ለውጠው ፕሮቲኑን ይጥላሉ፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ክፉዎቹ ናቸው።

የምርመራውን ትክክለኛነት በተመለከተ ከሁሉ የሚጠቀሰው ማስረጃ ፕሮፒኤስኤምኤ የተባለው የአውስትራሊያ ጥናት ነው። በሜልቦርኑ የፒተር ማካለም የካንሰር ማዕከል መሪነት የተካሄደውና በ2020 በላንሴት መጽሔት የታተመው ይህ ጥናት፣ አደገኛ ዓይነት የፕሮስቴት ካንሰር የተገኘባቸውንና ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር የሚጠብቁ 302 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ አንደኛው ክፍል በመጀመሪያ ፒኤስኤምኤ ፔት፣ ሁለተኛው በመጀመሪያ ሲቲና የአጥንት ስካን ተነሣ። የፔቱ ትክክለኛነት 92 በመቶ ሲሆን የአሮጌዎቹ 65 በመቶ ሆነ። ሕመምተኛው የሚያገኘው ጨረርም ቀነሰ፤ በፔቱ 8.4 ሚሊ ሲቨርት፣ በሁለቱ አሮጌዎች 19.2። ሐኪሞቹ በውጤቱ ተነሥተው የሕክምና ዕቅዳቸውን የለወጡት በፔቱ ክፍል ከ100 ሰዎች በ28ቱ፣ በሌላው በ15ቱ ላይ ነበር።

ዕቅድ ተለወጠ ማለት ግን ለሕመምተኛው የተሻለ ሆነ ማለት አይደለም። ጥናቱ የለካው የምስሉን ትክክለኛነት ነው፤ ዕድሜን አልለካም፤ እለካለሁም አላለም። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ በማስታወቂያና በዜና ሁለቱ እየተቀላቀሉ ስለሚቀርቡ ነው።

ካንሰሩ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከጨረር በኋላ ሲያገረሽ፣ ምርመራው የሚያገኘው ነገር ፒኤስኤ የተባለው፣ ፕሮስቴት የሚያመነጨው ሌላ ፕሮቲን በደም ውስጥ ባለው መጠን ይወሰናል። በ2019 የታተመ የሁለቱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ጥናት 635 እንዲህ ያሉ ወንዶችን ተከታትሎ፣ ፒኤስኤው በሚሊ ሊትር ከ0.5 ናኖግራም በታች በሆነበት ጊዜ ምስሉ በሽታውን ያገኘው ከ100 ሰዎች በ38ቱ ላይ፣ ከ5 በላይ ሲሆን ግን በ97ቱ ላይ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ፒኤስኤው ዝቅ ያለ ሰው ምስሉ ምንም አላሳየም ቢባል ነጻ ነኝ ብሎ መደምደም የለበትም። ምስሉ እስኪያሳይ ድረስ እየጠበቁ በዳሌ ላይ የሚሰጠውን የጨረር ሕክምና ማዘግየትም አደጋ አለው፤ ያ ሕክምና የሚበጀው ፒኤስኤው ገና ዝቅ ሳለ ሲጀመር ነውና።

ችግሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው በተስፋፋው በሽታ ላይ ነው። ካንሰሩ ለሆርሞን ሕክምና አልበገር ብሎ ፒኤስኤው የሚያሻቅብ፣ በአጥንት ስካንና በሲቲ ግን ምንም የማይታይበት ሕመምተኛ ያልተሰራጨ ካንሰር አለው ተብሎ ለብቻ ይመደብ ነበር፤ አፓሉታማይድ፣ ኤንዛሉታማይድና ዳሮሉታማይድ የተባሉት መድኃኒቶች የተፈተኑበት አንዱ ትልቅ መደብም ይኸው ነው። በ2019 ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች በዚህ መደብ ውስጥ ያሉና በሽታቸው በፍጥነት የሚገፋ 200 ወንዶችን ምስል መረመሩ። በ196ቱ ላይ በሽታው ታየ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ 55 በመቶው፣ ከዳሌ ውጭ የተሰራጨ ካንሰር ነበራቸው። መደቡ ራሱ፣ ማየት ባለመቻላችን የተፈጠረ ነበር ለማለት ያስደፍራል። መድኃኒቶቹ ግን በዚያ መደብ ውስጥ ላሉት ሠርተዋል፤ ዕድሜም አራዝመዋል። ዛሬ አንድ ሐኪም በፔቱ ሦስት የአጥንት ነጥብ ስላየ ብቻ እነዚህን መድኃኒቶች ቢከለክል፣ ጥቅማቸው ከተረጋገጠለት ሰው ላይ መንጠቅ ይሆንበታል፤ በጥናቶቹ ውስጥ የነበሩት ሰዎችም ያላዩአቸው ተመሳሳይ ነጥቦች ነበሩባቸውና።

ሌላው ምሳሌ ከእንግሊዙ ስታምፒድ ጥናት የሚነሣው ነው። ጥናቱ በ2018 እንዳሳየው፣ ካንሰራቸው የተሰራጨ ነገር ግን የሥርጭቱ መጠን አነስተኛ ለሆነ ወንዶች፣ ፕሮስቴቱን ራሱን በጨረር ማከም በሦስት ዓመት ውስጥ በሕይወት የሚኖሩትን ከ73 ወደ 81 በመቶ ከፍ አደረገ፤ ሥርጭቱ ብዙ ለሆነባቸው ግን አልጠቀመም። ብዙና አነስተኛ የተባለው በአጥንት ስካንና በሲቲ ነጥቦቹ ተቆጥረው ነው። አሁን በአጥንት ስካን ሁለት ነጥብ ያለበት፣ በፒኤስኤምኤ ፔት ግን ዘጠኝ የሚቆጠርበት ሰው ሐኪሙ ፊት ተቀምጧል እንበል። ጨረሩ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? በእኔ እምነት ይገባዋል፤ ጥናቱ በሚያውቀው ቋንቋ ይህ ሰው አነስተኛ ሥርጭት ያለበት ነው፤ የአጥንት ስካን መነሣቱም ከንቱ ድካም አልነበረም። ፔቱ ካለ የአጥንት ስካን ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ በየሆስፒታሉ ሲነሣ ከሚሰጡት መልሶች ጠንካራው ይህ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ የምርመራው ወጪና የሕመምተኛው ጊዜ ሁለቱን በየጊዜው ለማንሣት የሚያስቸግር ቢሆንም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ የቁጥር ወጥመድ አለ። ሐኪሙ አልቫን ፋይንስታይንና ባልደረቦቹ በ1985 በአሜሪካዊው ቀልደኛ ስም የዊል ሮጀርስ ክስተት ብለው የጻፉበት ነው። ካንሰራቸው አልተሰራጨም የተባሉ 10 ሰዎች አሉ እንበል፤ 8ቱ 10 ዓመት፣ 2ቱ ደግሞ ያልታየ ሥርጭት ስላለባቸው 4 ዓመት ይኖራሉ፤ አማካዩ 8.8 ዓመት ነው። ተሰራጭቷል የተባሉት 8 ሰዎች እያንዳንዳቸው 2 ዓመት ይኖራሉ። አዲሱ ምስል መጥቶ ሁለቱን ከመጀመሪያው መደብ ወደ ሁለተኛው ቢያዛውራቸው የመጀመሪያው መደብ አማካይ ወደ 10፣ የሁለተኛውም ከ2 ወደ 2.4 ከፍ ይላል። ሁለቱም መደቦች ተሻሉ፤ አንድም ሰው ግን አንድ ቀን አልተጨመረለትም። ከፔቱ በኋላ ያለውን የሕክምና ውጤት ከፔቱ በፊት ካለው ጋር እያነጻጸረ ይህን ያህል ተሻሻለ የሚል ዘገባ ሲቀርብ ይህን ስሌት ማስታወስ ተገቢ ነው።

ምስሉ የሚያሳያቸውን ጥቂት ነጥቦች አንድ በአንድ በጨረር ማጥፋት የብዙዎችን ቀልብ የሳበ አካሄድ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ የተመራውና በ2020 የታተመው ኦሪዮል ጥናት፣ ከሦስት የማይበልጡ ነጥቦች ያሉባቸውን 54 ወንዶች ይዞ፣ በስድስት ወር ውስጥ በሽታው የገፋባቸው ነጥቦቻቸው በጨረር ከታከሙት መካከል 19 በመቶ፣ ከተጠባበቁት መካከል 61 በመቶ መሆኑን አገኘ። የተመረጡት በአሮጌው ምስል ነበር፤ በኋላ የፒኤስኤምኤ ምስላቸው ሲታይ፣ የደመቀው ሁሉ ከታከመላቸው ሰዎች መካከል በሽታው የገፋባቸው እጅግ ጥቂት ነበሩ። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ጥናቱ ግን ትንሽ ነው፤ የለካውም በሽታው ሳይገፋ የቆየበትን ጊዜ ነው።

ምስሉ ከጥርጣሬ በራቀ ሁኔታ ቦታውን የያዘው በበሽታው የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ፣ ሉቲሺየም 177 (ከላይ የተጠቀሰው ፕሉቪክቶ) ለሚሰጣቸው ሰዎች ነው። እዚያ ያለው ሎጂክ ቀጥተኛ ነው። ምስል ለማንሣት በሚያገለግለው ጋሊየም ምትክ ቤታ ጨረር የሚያመነጭ ሉቲሺየም ከተመሳሳይ ሞለኪውል ጋር ይያያዝና በየስድስት ሳምንቱ እስከ ስድስት ጊዜ ይሰጣል፤ ጨረሩ የሚሄደው ከሚሊ ሜትር እምብዛም ያልበለጠ ርቀት በመሆኑ ጉዳቱ በአብዛኛው በተጣበቀበት አካባቢ ይወሰናል። በምስሉ ላይ ያልደመቀ ዕጢ መድኃኒቱንም አያገኝም። በ2021 የታተመው ቪዥን ጥናት ሆርሞን መድኃኒቶችንና ኬሞቴራፒን ካለፉ 831 ወንዶች መካከል፣ ሉቲሺየም ከተጨመረላቸው ግማሾቹ ከ15.3 ወር፣ ካልተጨመረላቸው ግማሾቹ ከ11.3 ወር በላይ መኖራቸውን አሳየ። የመግቢያው መመዘኛ ቀላል ነበር፤ ዕጢዎቹ በምስሉ ከጉበት ይበልጥ መድመቅ አለባቸው፤ ትልቅ ሆኖ ያልደመቀ ዕጢም መኖር የለበትም። ምስል ከተነሡት ከስምንት ሰዎች አንዱ ያህል ይህን መመዘኛ አላለፈም።

የአውስትራሊያው ቴራፒ ጥናት ከዚህ የጠበቀ ነበር። ሕመምተኞቹን በፒኤስኤምኤ ብቻ ሳይሆን ስኳር በሚመስለው ኤፍዲጂ በተባለው ንጥረ ነገርም ምስል አነሣቸው። ኤፍዲጂ የሚደምቅበት፣ ፒኤስኤምኤ ግን የማይደምቅበት ዕጢ ክፉው፣ ፕሮቲኑን የጣለው ካንሰር ነው። ለምርመራ ከቀረቡት 291 ሰዎች ከሩብ በላይ በእነዚህ ምስሎች ምክንያት ቀሩ። ያለፉት 200 ሰዎች ሉቲሺየም ወይም ካባዚታክሴል የተባለ ኬሞቴራፒ በዕጣ ደረሳቸው፤ ፒኤስኤአቸው በግማሽና ከዚያ በላይ የወረደላቸው በሉቲሺየሙ ክፍል 66 በመቶ፣ በኬሞቴራፒው 37 በመቶ ሆኑ፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም በሉቲሺየሙ ቀለል ያለ ነበር። ከዓመታት ክትትል በኋላ ግን የሁለቱ ክፍሎች ዕድሜ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ አጭር ዕድሜ የነበራቸው በምስሉ ምክንያት የቀሩት ናቸው። እዚህ ላይ ምስሉ የሠራው ትልቅ ሥራ ማንን በሉቲሺየም ማድከም እንደማይገባ መናገሩ ነው፤ አንድ ሕክምና ከ40 ሺህ ዶላር በላይ በሚያወጣበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካው ባለሥልጣን በማርች 2025 ሉቲሺየሙን ከኬሞቴራፒ በፊትም እንዲሰጥ ሲፈቅድ የምስሉን መስፈርት እንደያዘ ነው።

ይህ ሁሉ ለአፍሪካ ምን ያህል ይደርሳል? የመጀመሪያው እንቅፋት ጊዜ ነው። ጋሊየም 68 በ68 ደቂቃ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በመኪና ሩቅ አይጓዝም፤ የሚገኘው እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ከሚቀመጥ፣ ጀርመኒየም 68 ከያዘ፣ ጄኔሬተር ከተባለ ጋሊየም የሚቀዳበት መሣሪያ ነው። ጀርመኒየሙ በ271 ቀን በግማሽ ስለሚቀንስ አንዱ ጄኔሬተር ለወራት ያገለግላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ በቀን የሚሰጠውም ለጥቂት ሰዎች የሚበቃ ነው። ፍሎሪን 18 በግማሽ የሚቀንሰው በ110 ደቂቃ ስለሆነ በከተማው ዙሪያ መጓዝ ይችላል፤ ነገር ግን ሳይክሎትሮን የተባለ፣ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚሠራ ትልቅ ማሽን ይፈልጋል። ናይሮቢ ሳይክሎትሮንና ፔት አላት። ፕሪቶሪያ ደግሞ ከዚህም አልፋ፣ በፕሮፌሰር ማይክ ሳተኬ የሚመራው የስቲቭ ቢኮ ሆስፒታል ቡድን አክቲኒየም 225 በተባለው አልፋ ጨረር አመንጪ በማከም ከዓለም ቀዳሚ ልምድ ካካበቱት አንዱ ሆኗል፤ ሕክምናው አፍን በብርቱ ማድረቁ ዋናው ችግሩ ሆኖ ሳለ።

ፔት ለሌለበት አገር ግን ሌላ በር አለ፤ ብዙም አይወራለትም። ፒኤስኤምኤ የሚይዘው ሞለኪውል ከቴክኒሺየም 99ኤም ጋርም ሊያያዝ ይችላል። ቴክኒሺየም በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የኒውክሌር ሕክምና ክፍል እንዳለው ባሉ ጋማ ካሜራዎች የሚሠራ፣ በስድስት ሰዓት በግማሽ የሚቀንስ የተለመደ ንጥረ ነገር ነው፤ በሜክሲኮ፣ በሕንድና በሌሎችም አገሮች ለዚሁ አገልግሎት ውሏል። የጋማ ካሜራ ምስል እንደ ፔቱ የጠራ አይደለም፤ ጥቃቅን ንፍፊቶች ያመልጡታል፤ ፒኤስኤው ዝቅ ላለ ሰውም አይመከርም። የእኛ ሐኪሞች በየቀኑ የሚያዩት ግን ብዙውን ጊዜ ሽንት ከልክሎት ወይም ወገቡን አሞት ዘግይቶ የመጣ፣ ፒኤስኤው በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ነው። በእንዲህ ያለው ሰው ላይ ዕጢዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ የሁለቱ ካሜራዎች ልዩነት ይጠባል፤ ከምስሉ የሚፈለገውም ሰባት ሚሊ ሜትር ንፍፊት ማግኘት ሳይሆን ሥርጭቱን ማወቅና ዒላማው መኖሩን ማረጋገጥ ነው። በውድ ማሽን ግዢ ላይ ከማተኮር በፊት ያለውን ካሜራ በማይቋረጥ የቴክኒሺየም አቅርቦትና በዚህ መድኃኒት ማሠራት የሚቀድም ይመስለኛል። ለዚህ ሰው ዛሬም መጀመሪያ የሚያስፈልገው በጊዜ የሚጀመር ሆርሞን ሕክምናና የማይቋረጥ መድኃኒት ነው፤ ያለ እነርሱ የትኛውም ምስል አይጠቅመውም።

ለዚህ ምርመራ ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን አሉ። ብዙ ጊዜ ይዘው የሚመለሱት ሁለት ገጽ ሪፖርትና በፊልም ላይ የታተሙ ጥቂት ሥዕሎች ነው፤ ከዚያም ሥዕሎቹ በስልክ ተነሥተው በቴሌግራም ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላለ ሐኪም ዘመድ ይላካሉ። ዘመዱ ከዚያ ብዙም አያነብም። መያዝ ያለበት ሙሉው የምስል ፋይል በሲዲ ወይም በፍላሽ ነው፤ ከእርሱም ጋር የተሰጠው የምርመራ መድኃኒት ስም፣ ጋሊየም ይሁን ፒኤስኤምኤ 1007 ወይም ሌላ፣ በዚያ ሳምንት የነበረው የፒኤስኤ መጠን፣ ሆርሞን ሕክምና ከተጀመረም የተጀመረበት ቀን መጻፍ አለበት፤ ሆርሞን መድኃኒት የፕሮቲኑን መጠን ስለሚለዋውጥ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚነሣ ምስል ከመጀመሪያው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ቀጣዩ ምስልም በተቻለ መጠን በዚያው የምርመራ መድኃኒት ቢነሣ ይመረጣል። ሉቲሺየም ለመውሰድ የሚያስብ ሰው ደግሞ ሪፖርቱ ዕጢዎቹ ከጉበት ይበልጥ መድመቃቸውንና ያልደመቀ ትልቅ ዕጢ መኖር አለመኖሩን በግልጽ እንዲጽፍ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ይህ ካልተጻፈ የሚታከምበት ማዕከል ምስሉን በሌላ ሐኪም ያስነብባል፤ ፋይሉ ከሌለ ደግሞ ምርመራውን እንደገና ያስከፍለዋል።